«ቀጠሮዎ ደርሷል» የሚለውን ፋይል ከመክፈታችሁ በፊት

ጽሑፉ ትንሽ ረዘም ይላል፤ ቤታችሁ ኮምፒውተር ካለ ግን ታገሱኝ።

እዚህ ኢስሊ ያለው ላፕቶፓችን የሦስት ቤተሰብ ነው፤ አዋጥተን ነው የገዛነው። ልጆቹ የቤት ሥራ ይሠሩበታል፣ እኔ ፈተና አወጣበታለሁ፣ የሁላችንም የማንዴት ወረቀት ኮፒ እሱ ውስጥ ነበር። ባለፈው ዓመት አንድ ማታ «የሪሴትልመንት ቃለ መጠይቅ ቀጠሮ» የሚል ኢሜይል መጣልኝ። አታችመንቱ በፓስወርድ የተቆለፈ ዚፕ ነው፤ ፓስወርዱ ደግሞ እዚያው ኢሜይሉ ላይ ተጽፏል። ስምንት ዓመት የጠበቀ ሰው እንዲህ ያለ ነገር ሲያይ ልቡ ምን እንደሚሆን ለእናንተ አልነግርም። ከፈትኩት።

ጠዋት አንድም ፋይል አልከፈት አለ። «ገንዘብ ክፈሉ» የሚል ጽሑፍ ብቻ። አልከፈልንም፤ ከየት አምጥተን! ወረቀቶቹን እንደገና ኮፒ አደረግን። አብራን የምትኖር እህት ግን የእናቷ ፎቶዎች እዚያ ብቻ ነበሩ። እናቷ በሕይወት የሉም። እስከ ዛሬ አንድ ክፉ ቃል አልተናገረችኝም፤ ይሄ ነው የሚከብደኝ።

«አስተማሪ ሆነህ እንዴት!» ያላችሁኝ እውነታችሁን ነው። ጥፋቱ ግን የዚያ ማታ ብቻ አልነበረም። ዳታ ይበላል ብዬ አፕዴቱን ያጠፋሁት እኔው ነኝ። ብዙዎቻችን እንዲሁ እናደርጋለን፤ ቫይረስ የሀብታም ችግር ይመስለናል። እኔ የምለው ተቃራኒውን ነው፦ ሌላ ቅጂ የሌለው ሰው ነው የበለጠ የሚጎዳው። ከወሩ ባንድል ላይ ለአፕዴት የሚሆን ይቀመጥ፣ ፊልሙ ይቅር። ዊንዶውስ 10 እና 11 ላይ ዲፌንደር የሚባለው አንቲቫይረስ አብሮ የሚመጣ ነው፤ በነፃ። አፕዴት ካልተደረገ ግን አዲሶቹን ቫይረሶች በደንብ አያውቃቸውም። ከየሱቁ በፍላሽ የሚገለበጠውን «ክራክ» አንቲቫይረስ ደግሞ ተዉት፤ እሱ ራሱ ቫይረስ ይዞ ይመጣል።

ያ ዚፕ ለምን እንደተቆለፈ በኋላ ነው የገባኝ። ጂሜይል የሚመጣውን አታችመንት ለቫይረስ ይፈትሻል፤ በፓስወርድ የተቆለፈውን ግን ውስጡን ማየት አይችልም። ኬላ ላይ ሳጥኑን ቆልፎ አሳልፎ፣ ቁልፉን ለእኛ በእጃችን እንደመስጠት ነው። ስለዚህ ቁልፉ አብሮት የመጣ ፋይል ስታዩ ጠርጥሩ።

ሌላው የፋይሉ ስም መጨረሻ ነው። በ2000 ዓለምን ያዳረሰው «አይ ላቭ ዩ» ቫይረስ የፍቅር ደብዳቤ መስሎ ነው የመጣው። ስሙ ተራ ጽሑፍ ይመስል ነበር፤ ፕሮግራም መሆኑን የሚያሳየውን የመጨረሻ ክፍል ዊንዶውስ ደብቆት ነበር። ዛሬም ይደብቃል። ፋይል ኤክስፕሎረር ላይ «ቪው» ውስጥ ገብታችሁ «ፋይል ኔም ኤክስቴንሽንስ» የሚለውን አብሩት። «ፒዲኤፍ» ብሎ ከኋላው «ኢኤክስኢ» ካስከተለ ደብዳቤ አይደለም።

አታችመንት ሲመጣ ኢሜይሉ ላይ እንዳለ አትክፈቱት። መጀመሪያ ሴቭ አድርጉ፣ በማውሱ ቀኝ ቁልፍ ተጭናችሁ «ስካን ዊዝ ማይክሮሶፍት ዲፌንደር» በሉት። ቫይረስቶታል የሚባለው ድረ ገጽም አንዱን ፋይል በብዙ አንቲቫይረስ ይፈትሻል፤ ጥሩ ነው። ነገር ግን እዚያ የጫናችሁትን ሌሎች የደህንነት ባለሙያዎችም ሊያወርዱት ይችላሉ። ስማችሁና የኬዝ ቁጥራችሁ ያለበትን ወረቀት እንዳትጭኑ። ለሌላው ሰው ይሄ ቀላል ነገር ሊሆን ይችላል፣ ለስደተኛ ግን አይደለም።

ስካኑ «ንጹህ ነው» ስላለም አትዘናጉ። በ2017 የካናዳው ሲትዝን ላብ ባወጣው ጥናት፣ በውጭ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ተቃዋሚዎች የአዶቤ ፍላሽ አፕዴት መስሎ የቀረበ የስለላ ፕሮግራም በኢሜይል ሊንክ ተልኮላቸው ነበር። እንዲህ ዓይነቱን ስካን ሁልጊዜ አይዘውም። ስለዚህ «ቀጠሮ» የሚል ሲመጣ ቢሮው ድረስ ሄዳችሁ፣ ወይም ድሮ በያዛችሁት ስልክ ደውላችሁ ጠይቁ። ሪሴትልመንት በገንዘብ አይገዛም፤ «ክፈሉ» ካለ ውሸት ነው።

አሜሪካና ካናዳ ያላችሁ ዘመዶቻችንም እባካችሁ፣ ፎርም በኢሜይል ስትልኩ በዋትስአፕ በድምፃችሁ «እኔ ነኝ የላክሁት» በሉን። አድራሻው የእናንተ ስለሆነ ብቻ አንከፍትም፤ አትቀየሙን።

ቅዳሜ ከሰዓት ቤት ነኝ። ላፕቶፕ ያላችሁ አምጡት፣ አፕዴቱን በእኔ ባንድል እናደርጋለን። ለፎቶዎቻችሁ የሚሆን ባዶ ፍላሽ ግን ይዛችሁ ኑ፤ ገልብጠን ነቅለን እናስቀምጠዋለን።