በባሕር መካከል የተሠራ የጫጉላ ቤት

በዚህ ወር ልጆች በክረምት ዕረፍታቸው ስለሚያነቡት መጽሐፍ ልንጽፍ አስበን ነበር። ዳሩ ግን በዚህ በሰኔ መጀመሪያ አንድ የቀድሞ ተማሪያችን በሚያዝያ ካገባት ባለቤቱ ጋር ሊጠይቀን መጥቶ፥ ሁለቱ እየተቀባበሉ ያወጉን ነገር ስላሳሰበን የመጽሐፉን ጉዳይ ለሐምሌ አቆይተነዋል። ስማቸውን ሳንጠራ እንድንጽፈው ሁለቱም ፈቅደውልናል፤ ይልቁንም ሙሽሪት፥ «ይጻፉት መምህር፤ ለሚቀጥሉት ሙሽሮች ይጠቅማል» ብላናለች።

ልጆቹ በተክሊል ተጋብተው፥ መልሱም ቅልቅሉም ካለፈ በኋላ፥ በግንቦት ወር ለአምስት ሌሊት ወደ ማልዲቭ ደሴቶች ሄደው ነበር። የጫጉላ ሽርሽር የሚባለውን ይህን ልማድ ዛሬ ብዙ የከተማ ወጣቶች ይመኙታል፤ ሥዕሉንም በየእጅ ስልካቸው ያዩታል፤ ሰማያዊ ባሕር፥ በውኃው ላይ በእንጨት ምሰሶ የቆመ ጎጆ፥ ከጎጆው ወደ ባሕሩ የሚወርድ መሰላል። ሥዕሉ ሐሰት አይደለም። ልጆቹ ያረፉበት ቤት ልክ እንደዚያው ነበር። ነገር ግን ሥዕሉ የማያሳየው ብዙ ስለ ሆነ፥ አስቀድመን ስለ አገሩ ጥቂት እንናገር።

ማልዲቭ ከህንድና ከስሪ ላንካ በስተ ደቡብ ምዕራብ፥ በህንድ ውቅያኖስ ላይ ትገኛለች። ወደ 1,190 የሚሆኑ ትናንሽ ደሴቶች ከሰሜን ወደ ደቡብ ከ800 ኪሎ ሜትር በላይ ተዘርግተው ይታያሉ፤ የአገሩ ሕዝብ የሚኖርባቸው ግን 200 ያህሉ ብቻ ናቸው። የብሱ ሁሉ በአንድነት ቢደመር 300 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል፥ ማለት የጣና ሐይቅን አንድ ዐሥረኛ ያህል ነው። ከፍተኛው የተፈጥሮ ቦታ ከባሕር ወለል 2 ሜትር ተኩል አይሞላም። በ2,400 ሜትር ከፍታ ላይ ተወልዶ ላደገ የአዲስ አበባ ልጅ ይህ እንግዳ ነገር ነው፤ ተማሪያችንም፥ «መምህር፥ ሌሊት ማዕበሉን ስሰማ ከአልጋዬ በታች ባሕር እንጂ ምድር እንደሌለ አስብና እንቅልፍ ይነሣኝ ነበር» ብሎናል። ፍርሃቱም ከንቱ አልነበረም፤ በታኅሣሥ 2004 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር፥ በሱማትራ አጠገብ ከደረሰው የምድር መናወጥ የተነሣው ማዕበል በእነዚህ ደሴቶች ላይ አልፎ ከ80 የሚበልጡ ሰዎችን ገድሏል። (ከዚህ በታችም ከብር ጉዳይ በቀር ዓመቶቹን የምንጽፈው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።)

ደሴቶቹ ክብ ክብ ሆነው ይሰለፋሉ። ይህ ክብ አቶል ይባላል፤ ቃሉ ከማልዲቮች ቋንቋ ተወስዶ በዓለም ሁሉ የተለመደ ነው። ክቡ እንዴት እንደ ተሠራ በ1842 የገለጸው፥ በሌላ ነገር ብዙ የተከራከሩበት ዳርዊን ነው፤ በዚህኛው ግን ነገሩ እጅግ የሚያምር ሆኖ አግኝተነዋል። በውቅያኖስ ውስጥ የነበረ የእሳተ ገሞራ ተራራ በዘመናት ብዛት ቀስ እያለ ይሰጥማል፤ በዙሪያው የበቀለው ኮራል ግን ብርሃን ፍለጋ ወደ ላይ ያድጋል፤ ተራራው ሰጥሞ ከጠፋ በኋላ ቀለበቱ ብቻውን ይቀራል። በቀለበቱ ውስጥ የተከለለው ጸጥ ያለ ባሕር ነው እንግዲህ ሙሽሮች የሚዋኙበት። ኮራል ድንጋይ ይመስላል እንጂ ሕያው እንስሳ ነው፤ በሥጋው ውስጥ የሚኖሩ ለዓይን የማይታዩ አልጌዎች ምግቡን ያዘጋጁለታል። ባሕሩ ከልክ በላይ ሲሞቅ ኮራሉ እነዚህን ያስወጣቸዋል፥ ቀለሙም ይነጣል፥ ሙቀቱ ከቆየም ይሞታል። በ1998 እና በ2016 በማልዲቭ ብዙ ኮራል የነጣው በዚህ ምክንያት ነው። ሙሽሪት ከመሰላሉ ሥር ዐመድ የመሰለ ነገር አይታ ስለ ነበር ምንነቱን ጠይቃን ይህንኑ ነገርናት።

ስለ ነጩ አሸዋም እንዲሁ ጠይቃን ነበር። አፉ የበቀቀን መንቍር የሚመስል አንድ ዓሣ አለ፤ ከኮራሉ ድንጋይ ላይ ምግቡን ሲፍቅ ድንጋዩንም አብሮ ይውጣል፥ አድቅቆም በኋላው ያስወጣዋል። ከዚያ አሸዋ ብዙው የዚህ ዓሣ ሥራ ነው። ይህን ብንነግራት፥ «ሥዕል የተነሣንበትን?» ብላ እስክታነባ ሳቀች።

ሙሽሮች ወደዚያ መጓዝ ከጀመሩ ብዙ ዘመን አይደለም። ለእንግዶች የሚሆን የመጀመሪያው ማረፊያ የተከፈተው በ1972 ነበር፤ ከዚያ በፊት ሕዝቡ በዓሣና በኰኮናት፥ በጥንት ጊዜም ወደ ቤንጋልና እስከ ምዕራብ አፍሪካ እንደ ገንዘብ ይላክ በነበረ ዛጎል ይተዳደር ነበር። የሞሮኮው መንገደኛ ኢብን ባጡታ በ1343 ደርሶ በዚያ ቃዲ ሆኖ ተሹሟል፤ እርሱ ራሱም ሚስቶች አግብቷል። መርከበኞች በደረሱ ጊዜ እንደሚያገቡ፥ መርከቡ ሲነሣም እንደሚፈቱ በጉዞ መጽሐፉ ተጽፎ ይገኛል። በእኛም ዘመን አገሪቱ በዓለም ላይ ፍቺ ከሚበዛባቸው አንዷ ሆና ስትጠቀስ ኖራለች። የዓለም ሙሽሮች የሚጎርፉባት አገር በዚህ መታወቋ ያስገርማል፤ ሙሽሮችን ለማስፈራራት ግን አልጻፍነውም።

አሁን ወደ ልጆቹ እንመለስ።

በአገራችን ጫጉላ ሲባል ሙሽሮች ብቻቸውን የሚሆኑበት አይደለም። ይህን የምንለው ራሳችን ስለ ገባንበት ነው። መጋረጃ ተጋርዶ ሙሽሪት ከመጋረጃው ጀርባ፥ ሚዜዎች ከመጋረጃው ፊት፥ እናቶች ከበሩ ላይ ነበሩ፤ የሚበላው ይመጣል፥ የሚያጫውት አይጠፋም፥ ሙሽራው ቢያኰርፍ የሚያስቀው አለ፥ ሙሽሪት ብታለቅስ የምታባብላት አለች። ሰው በሞላበት ቤት ሁለት ሰዎች ቀስ እያሉ ይለማመዳሉ። በዚያ ወራት ስለ ገንዘብ የተነጋገርነው አንድም ነገር አልነበረም፤ የተነጋገርነውም ከተጋባን በሦስተኛው ዓመት ነው። (ባለቤታችን ይህን በአንብባ፥ «በአራተኛው» ስትል አርማናለች።)

የባሕሩ ጫጉላ ግን ሌላ ነው። በዚያ አገር ልማድ ማረፊያ ቤት የሚሠራው አንድ ደሴት ለአንድ ማረፊያ ነው፤ ገበያ የለም፥ መንደር የለም፥ ዘመድ የለም። የመንግሥቱ ሃይማኖት እስልምና ስለ ሆነ፥ ሕጉም የሌላ እምነት አምልኮን በአደባባይ ስለማይፈቅድ፥ ቤተ ክርስቲያንም የለም፤ ልጆቹ እሑድን በክፍላቸው ጸልየው አሳልፈዋል። ሁለቱም ዋና አያውቁም። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀኖች እስከ ደረታቸው በሚደርሰው ውኃ ውስጥ እጅ ለእጅ ተያይዘው ቆመው ዓሣ ሲያዩ ዋሉ፤ ደስታቸውም ፍጹም ነበር።

በሦስተኛው ቀን ዝናብ ሆነ። በማልዲቭ ከግንቦት ጀምሮ የደቡብ ምዕራብ ነፋስ ዝናብ ያመጣል፤ ደረቁ ወራት ከታኅሣሥና ከጥር አንሥቶ እስከ ሚያዝያ ድረስ ነው። ዋጋውም በግንቦት የሚረክሰው በዚሁ ምክንያት ነው፤ ተማሪያችን መርከሱን አይቶ ምክንያቱን ሳይጠይቅ ነበር የከፈለው። በትምህርት ቤትም እንዲሁ ነበር፤ መልሱን ፈጥኖ ይጽፋል፥ ጥያቄውን አያነብም።

በዝናቡ ምክንያት ከክፍል ሳይወጡ ሳሉ ከማረፊያው ጽሕፈት ቤት የእስካሁኑ ሒሳብ መጣላቸው። ይህን አንባቢ ልብ እንዲለው እንለምናለን፤ በዚያ አገር በማስታወቂያ የሚነገረውና በመጨረሻ የሚከፈለው ዋጋ አንድ አይደለም። ከሐምሌ 2025 ጀምሮ በቱሪስት አገልግሎት ላይ የሚታሰበው ግብር 17 በመቶ ነው፤ ለአገልግሎት 10 በመቶ መጨመር የተለመደ ነው፤ በትልልቆቹ ማረፊያዎች ደግሞ ለአካባቢ ጥበቃ በሰው በየቀኑ 12 ዶላር ይከፈላል። ከአውሮፕላን ማረፊያው ወደ ደሴቱ የሚወስደው ጀልባ ወይም በውኃ ላይ የምታርፈው ትንሽ አይሮፕላን ለብቻው ይታሰባል፤ ይህችም አይሮፕላን በሌሊት ስለማትበር፥ አመሻሽቶ የደረሰ እንግዳ በዋናው ከተማ በማሌ ወይም በአካባቢዋ ለማደር ይገደዳል። ይህ ሁሉ በዶላር ነው፤ የብር ምንዛሪ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ደግሞ ዶላር ለደመወዝተኛ ምን ማለት እንደ ሆነ ለማንም መንገር አያስፈልገንም።

ሙሽራው ሒሳቡን አይቶ ፊቱ ተለወጠ። ሙሽሪት ምን እንደ ሆነ ስትጠይቀው፥ «ምንም» አላት። በዚያው ሰዓት ከአዲስ አበባ ከዕቁቡ ጸሓፊ መልእክት በስልኩ ገባ፤ ስልኩ በአልጋው ላይ ስለ ነበር አነበበችው። ነገሩም እንዲህ ነበር። ልጁ ለሽርሽሩ የሚሆን ገንዘብ አጠራቅሜአለሁ ብሏት ነበር፤ እውነቱ ግን የዕቁቡን የመጀመሪያ ዕጣ ለምኖ ወስዶ፥ ገና የ14 ወር መዋጮ ይቀርበታል። እርስዋ ደግሞ ያን ዕቁብ ለቤት ኪራይ ቅድመ ክፍያ ይውላል ብላ በልብዋ አስባ ኖራለች።

የተባባሉትን ሁሉ አልነገሩንም፥ እኛም አልጠየቅንም። እርስዋ ግን አንድ ነገር ነገረችን፤ «ብሩ አይደለም መምህር። ዕዳ እንደ ወሰደ ቢነግረኝ እዚሁ ላንጋኖ ሄደን እንመለስ ነበር። ውሸቱን ደግሞ ለማን ልንገር? እናቴ የለች፥ የንስሐ አባቴ የሉ። ባሕሩን አየሁት።»

ልጁም ተቈጥቶ በሩን ዘግቶ በዝናቡ ወጣ። በአዲስ አበባ የተቈጣ ባል በታክሲ ተሳፍሮ እስከ ፒያሳ ይሄዳል፥ ከጓደኛው ዘንድ ያመሻል። ያች ደሴት ግን ዙሪያዋ በእግር 12 ደቂቃ ነው። ሄደ፥ ሄደ፥ በ12 ደቂቃው ከራሱ በር ላይ ደረሰ። ሊገባ አፈረ፤ እንደ ገና ዞረ። በሦስተኛው ዙር ቅጠል የሚጠርግ አንድ የባንግላዴሽ ሠራተኛ አስቁሞ፥ የጠፋበት ነገር እንዳለ ጠየቀው። ከተጣላ እንግዳ ጋር መነጋገርን የለመደ ሰው ሳይሆን አይቀርም። በተሰባበረ እንግሊዝኛ ጥቂት ተጨዋወቱ፤ ሠራተኛው ካገባ ሦስት ዓመት እንደ ሆነው፥ ከሚስቱ ጋር በአንድ ቤት የኖረው ግን ተደምሮ አራት ወር እንደማይሞላ ነገረው። ከዚህ በቀር ምክር አልሰጠውም፤ ወደ መጥረጊያው ተመለሰ።

በአራተኛው ዙር ሙሽሪት ጃንጥላ ይዛ በመንገዱ ላይ ቆማ ጠበቀችው። «እንደ ሰዓት ቈጣሪ በመስኮት ሲያልፍ አየው ነበር፤ በመጨረሻ ሳቄ መጣ» አለችን። እርሱ ግን ሲነግረን አልሳቀም። ይቅርታ የለመናት በዝናቡ መካከል፥ ቆሞ፥ እንደ ተማሪ ሆኖ ነው። በዚያው ሌሊት በማረፊያው ወረቀት ላይ ደመወዛቸውን፥ ዕዳቸውን፥ ለእናቶቻቸው የሚሰጡትን ሳይቀር ጻፉ። ወረቀቱን ዛሬም አላት፤ በቦርሳዋ ይዛው መጥታ ስለ ነበር ለባለቤታችን አሳየቻት። ከላይ የባሕርና የዘንባባ ሥዕል አለበት፥ ከሥሩ 14 ወር በቍጥር ተዘርዝሮ፥ አንደኛው ተሠርዟል።

እኛ ይህን ስንሰማ መጀመሪያ በልባችን የተዘጋጀው ተግሣጽ ነበር፤ ስለ ቅንጦት፥ ስለ ውጭ ልማድ ልንናገር ቃላችንን አሰናድተን ነበር። ባለቤታችን ግን ቡናውን እየቀዳች፥ «እኛን አራት ዓመት የፈጀብንን እነርሱ በሦስት ቀን ጨረሱት» ብላ ቀደመችን፤ ስለዚህ ዝም አልን። በእርግጥ ያን ለመጨረስ ባሕር መሻገር ያስፈልግ ነበር ወይ የሚለው ጥያቄ አሁንም በልባችን አለ። ለመሄድ የቈረጡ ቢኖሩ ግን፥ ከ2009 ገደማ ወዲህ ሕዝቡ በሚኖርባቸው ደሴቶች ላይ ትናንሽ የእንግዳ ማረፊያዎች እንዲከፈቱ ስለ ተፈቀደ፥ ዋጋቸው ከባለ ብዙ ዶላሮቹ በእጅጉ ያንሳል፤ በእነዚህ ደሴቶች መጠጥ የለም፥ አለባበስም እንደ አገሩ ሥርዓት መሆን አለበት፤ ለእኛ ቤተ ሰቦች ይህ የሚከብድ አይመስለንም።

ሲሄዱ ስጦታ ሰጡን። ከዚያ አገር ኮራልም አሸዋም ማውጣት በሕግ የተከለከለ ስለ ሆነ፥ ያመጡልን የደረቀ የቱና ዓሣ ነው፤ እንደ እንጨት የጠነከረ፥ ጠረኑ ከወረቀቱ አልፎ የሚወጣ። ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም የሚለውን ክርክር ለሊቃውንቱ ትተን፥ በቤታችን ሥርዓት አይበላምና፥ ባለቤታችን ጠቅልላ ከቁም ሣጥኑ ላይ አስቀምጣዋለች። የሐዋርያት ጾም ሐምሌ 5 ቀን ሲፈታ ልጆቹ ተመልሰው ሊመጡና አብረን ልንቀምሰው ተቃጥረናል፤ እስከዚያው ድረስ ግን መጻሕፍታችን ሁሉ ዓሣ ዓሣ መሽተት ጀምረዋል።