ቡናው ለዶላር፣ ቅማሉ ለነፍሰ ጡር!

«ንጽሕናችሁን ጠብቁ» የምትል ምክር ሰልችታኛለች። ጅማ ተወልጄ ያደግሁ ነኝና ምክሪቱን ከነመካሪዎቿ አውቃታለሁ። ክረምት ሲገባ ትመጣለች፣ መስከረም ሲጠባ ትጠፋለች። ቅማሉ ግን አይጠፋም!

ባለፈው ክረምት የጎረቤቴ ልጅ፣ የሰባት ወር ነፍሰ ጡር፣ በትኩሳት ነደደች። ወደ አንድ ጤና ተቋም ወሰድናት። «ወባ ነው» ተብላ ክኒን ይዛ ተመለሰች። በአምስተኛው ቀን ሲለቃት «ተመስገን» አልን። በሳምንቱ አገረሸባት፤ ያለጊዜው ምጥ መጣ፤ ልጁ ሞቶ ተወለደ። በማግሥቱ ደሟ እንደገና ቢታይ ግርሻ ሆኖ ተገኘ።

ግርሻ እንደ ተስቦ በልብስ ቅማል የሚመጣ ነው። ሰው ሲያክ ቅማሉ ይፈርጣል፤ ፈሳሹ በተቧጨረ ቆዳ ይገባል። ካልታከመ ከመቶ ሰው ከ10 እስከ 40 ይገድላል። ነፍሰ ጡር ላይ ሲወድቅ ደግሞ ጽንስ ያስወርዳል፣ ጨቅላ ይቀጥፋል።

ኧረ ልጠይቅ! የግርሻ ተሐዋሲ እኮ የሚታየው ለወባ ተብሎ በሚወሰደው በዚያው የደም ጠብታ፣ በዚያው ማይክሮስኮፕ ነው። የጎደለው የሚፈልገው ዓይን ነው። መድኃኒቱስ ቢሆን ብርቅ ነው? ለነፍሰ ጡር የሚሆነው ፔኒሲሊን ነው። ብቻ መርፌውን ከወሰደች በኋላ በሰዓታት ውስጥ ብርቱ መንቀጥቀጥ ሊይዛት፣ የደም ግፊቷም ሊወርድ ይችላልና ተኝታ ትጠበቅ እንጂ «ሂጂ» አትባል።

«አላወቅንም» ማለት አይቻልም። የጅማን የግርሻ ወረርሽኝ ሐኪሞች እ.ኤ.አ. በ1996 በሕክምና መጽሔት ጽፈውታል። እ.ኤ.አ. በ2015 ከአፍሪካ ቀንድ በተሰደዱ ወጣቶች ላይ ሲገኝ አውሮፓ ሐኪሞቿን አስጠነቀቀች። እዚህ ግን ድሃው «ቆሻሻ» ተብሎ ይሰደባል!

ቅያሪ ልብስ የሌለው ሰው ምኑን ይጠብ? አጋሮና ሊሙ ሂዱ። በለቀማ ወቅት ቡናውን የሚለቅመው የቀን ሠራተኛ በአንድ ክፍል ተደራርቦ ያድራል፤ ነፍሰ ጡሯም አብራ ትለቅማለች። አገሪቱ ዶላር የምታገኝበትን ቡና የሚለቅም እጅ ልብስ መቀቀያ የፈላ ውኃ ይነፈገዋል?

የምንጠይቀው ትንሽ ነው። ትኩሳት ያላት ነፍሰ ጡር ሁሉ ደሟ ለወባም ለግርሻም ይታይ። ፔኒሲሊን ከጤና ጣቢያ አይጥፋ። የቡና ባለሀብት ለለቃሚው ማጠቢያ ውኃና ቅያሪ ልብስ ያቅርብ።

ከዚያ በኋላ ስለ ንጽሕና ኑና ምከሩን!