ባርባራን ማን ጠየቃት?

የዛሬው ወጋችን ስለ ካርቱን ነው። “ኑሮው እንዲህ ባበደበት ሰዓት ካርቱን?” ብላችሁ ልታልፉን የቃጣችሁ ካላችሁ ትንሽ ታገሱን። ጉዳያችን የሌሊት ወፍ ጭምብል ያጠለቀ ጎልማሳ ከወንጀለኛ ጋር ስለመደባደቡ አይደለም። በአንድ ታሪክ ውስጥ ማን ሰው ሆኖ ይቆማል? ማንስ ዕቃ ሆኖ ያገለግላል? ጥያቄው ይሄ ነው። እሱ ደግሞ እኛንም ይመለከተናል።

ነገሩ ወዲህ ነው። በጁላይ 2016 (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ ቁጠሩልን) “ባትማን፦ ዘ ኪሊንግ ጆክ” የተባለው የአኒሜሽን ፊልም በሳንዲያጎ ኮሚክ-ኮን ለመጀመሪያ ጊዜ ታየ። ጁላይ 25 ደግሞ ለአንድ ምሽት ተብሎ በአሜሪካ ሲኒማ ቤቶች ቀረበና በዚያች ሰኞ ምሽት ብቻ ከ3 ሚሊዮን ዶላር በላይ አስገባ። በዋናነት ለቤት ዲስክ ታስቦ ለተሠራ ካርቱን ይህ ቀላል ገንዘብ አይደለም። ሕዝቡ ጓጉቶ ነበር።

የጓጓውም ያለ ምክንያት አልነበረም። ፊልሙ የተወሰደው አለን ሙር ጽፎት ብራያን ቦላንድ ከሣለውና ዲሲ ኮሚክስ በ1988 ካሳተመው መጽሐፍ ነው። መጽሐፉ ሃምሳ ገጽ እንኳን አይሞላም፤ የጆከርን ነገር ለሚወድ ሰው ግን እንደ ዳዊት የሚደገም ነው። በዚያ ላይ ድምፆቹ አሉ። በ1992 በጀመረው የባትማን ተከታታይ ካርቱን ያደገ ትውልድ ባትማን ሲባል የኬቨን ኮንሮይ ድምፅ፣ ጆከር ሲባል ደግሞ የማርክ ሃሚል ሳቅ ነው የሚመጣለት። (አዎ፣ ያው የ“ስታር ዋርስ”ው ሉክ ስካይዎከር!) ሃሚል ይህን ታሪክ በድምፁ መሥራት እንደሚመኝ ከዓመታት በፊት ተናግሮ ስለነበር ሁለቱ ተመልሰው ሲመጡ አድናቂው በደስታ ቢፈነድቅ አይፈረድበትም። ኮንሮይ በ2022 ካረፈ ወዲህ ደግሞ ያ ሥራ ለብዙዎች የናፍቆት ማስታወሻ ሆኗል።

ታዲያ ደስታው እንዴት ወደ ጩኸት ተለወጠ? መጽሐፉን ላላነበባችሁ በአጭሩ እንንገራችሁ። ጆከር ከእብዶች ማቆያው ያመልጣል። ከዚያ የጎተም ከተማ ፖሊስ ኮሚሽነር የሆነውን የጄምስ ጎርደንን በር ያንኳኳል። በሩን የምትከፍተው ልጁ ባርባራ ናት። ይተኩሳል። ጥይቱ ወገቧን ይመታትና ሽባ ያደርጋታል። በወደቀችበት ልብሷን ገፍፎ ፎቶ ያነሳታል። አባቷን ጠልፎ በተዘጋ መዝናኛ ፓርክ ውስጥ እነዚያን ፎቶዎች ያሳየዋል። ዓላማው አንድ ነው፤ “አንድ ክፉ ቀን ማንንም ያሳብዳል” የሚለውን ማስረዳት። ጎርደን ግን አያብድም። ይባስ ብሎ ባትማንን “በሕጉ መሠረት ያዘው” ይለዋል። በቃ፣ ታሪኩ ይሄ ነው።

የፊልሙ ሠሪዎች እዚህ ላይ ሁለት ችግር ገጠማቸው። አንደኛ፣ መጽሐፉ ለሙሉ ፊልም ያጥራል። ሁለተኛ፣ በሩን ስትከፍት የምትመታው ልጅ ማን እንደሆነች ተመልካቹ በደንብ አያውቃትም። ስለዚህ የስክሪፕቱ ጸሐፊ ብራያን አዛሬሎ፣ ዳይሬክተሩ ሳም ሊው እና ፕሮዲውሰሩ ብሩስ ቲም መጽሐፉ ውስጥ የሌለ ወደ ግማሽ ሰዓት የሚጠጋ መግቢያ ጨመሩበት። በመግቢያው ባርባራ ገና ባትገርል ናት። አንድ ወጣት ወሮበላ እያሳደደች፣ ከአሠልጣኟ ከባትማን ጋር እየተጨቃጨቀች እናያታለን። ከዚያ በአንድ ጣሪያ ላይ ጠቡ ወደ መሳሳም፣ መሳሳሙም ወደ ሌላ ነገር ይሻገራል። በማግስቱ ባትማን ይሸሻታል፤ እሷ ትብከነከናለች። በመጨረሻም ሥራውን ጥላ ትወጣለች። ያኔ ነው የምናውቀው ታሪክ የሚጀምረው።

ወዳጆች፣ ጣሪያው ላይ የሆነው ነገር ጣሪያ አስነካ! በዚያው ኮሚክ-ኮን መድረክ ላይ አዛሬሎ ስለዚሁ ጉዳይ ከተቆጣ ተመልካች ጋር ኃይለ ቃል እስከ መለዋወጥ ደረሰ። ከዚያ በኋላ አድናቂው በሦስት ጎራ ተከፈለ።

የመጀመሪያው ጎራ “መጽሐፉ አይነካ!” ባይ ነው። ለዚህ ጎራ ኃጢአቱ መጨመሩ ራሱ ነው። ሁለተኛው ጎራ “ባርባራን ክብር ልንሰጣት ነው ብላችሁ አዋረዳችኋት” የሚል ነው። ለባትማን እንደ ልጅ ወይም እንደ ተማሪ የምትታየውን ልጅ የፍቅር ብስጭት ውስጥ ከተታችሁ መልሳችሁ በጥይት መታችኋት፤ ይሄ ነው ወይ ክብሩ? ሦስተኛው ጎራ ደግሞ በየትም የማይጠፋው “ኧረ ካርቱን ነው፣ ምን ያንጫጫችኋል?” የሚለው ነው።

ከሦስተኛው እንጀምር፣ ቶሎ ስለሚያልቅ። ፊልሙ በአሜሪካ “አር” ደረጃ የተሰጠው ነው። ከ17 ዓመት በታች ያለ ልጅ ያለ ወላጅ ወይም አሳዳጊ ሲኒማ ገብቶ አያየውም ማለት ነው። ስለዚህ ሠሪዎቹ ራሳቸው “ይሄ የአዋቂ ሥራ ነው” ብለው ነው ያቀረቡት። የአዋቂ ሥራ ነኝ ያለ በአዋቂ ሚዛን ይመዘናል። ሲወደስ “ጥበብ” ሲተች “ካርቱን” የሚባል ነገር የለም። እግረ መንገዳችንን፣ በእኛም ከተማ “ካርቱን ነው” ተብሎ በፍላሽ የተገለበጠ ሁሉ ለልጆች የሚከፈትበት ቤት ብዙ ነውና፣ ወላጆች እባካችሁ መጀመሪያ እናንተ እዩት።

የመጀመሪያውን ጎራ እንረዳዋለን። የሚወዱት ነገር ሲነካ ያማል። ግን አንድ ነገር እንጠይቀው። የቆምክለት መጽሐፍ ባርባራን ምን አድርጓት ነበር? እስቲ እንደገና ግለጡት። ከተመታች በኋላ በሆስፒታል አልጋ ላይ የምናገኛት አንድ ጊዜ ነው። እዚያም የምትናገረው ስለ አባቷ ነው። ጆከር አባቷ ላይ ምን ሊያደርግ እንደሆነ ለባትማን ታስጠነቅቃለች፣ ከዚያ ታሪኩ ጥሏት ይሄዳል። መጽሐፉ በሙሉ አንድ ጥያቄ ይጠይቃል፤ “ክፉ ቀን የገጠመው ሰው ያብዳል ወይስ ይቆማል?” ይህን ጥያቄ ለጆከር ጠየቀ። ለጎርደን ጠየቀ። ለባትማንም ጠየቀ። ከሁሉም የከፋው ቀን የመጣባት ግን ባርባራ ነበረች። እሷን ማን ጠየቃት? ማንም!

ለዚህ ነው ጩኸቱ ሁሉ ጣሪያው ላይ መቅረቱ ቅር ያሰኘን። ጣሪያው በሽታውን አልፈጠረውም፤ ከመጽሐፉ ወረሰው እንጂ። በመጽሐፉ ባርባራ ለአባቷ የተላከች መልእክት ናት። በፊልሙ መግቢያ ደግሞ የባትማን ራስ ምታት ናት። ግማሽ ሰዓት ሙሉ ስናያት የምታስበው ስለ ባትማን፣ የምትናደደው በባትማን፣ ሥራ የምትለቀውም በባትማን የተነሳ ነው። ይባስ ብሎ ሁለቱ የፊልሙ ክፍሎች አይነጋገሩም። ስትመታ ባትማን በመካከላቸው ያ ሁሉ እንዳለፈ የሚያሳይ አንዳች ነገር አይታይበትም። ታዲያ ጭማሪው ምን ጨመረ? ደቂቃ ጨመረ። ሰው ግን አልጨመረም። አንዲትን ገጸ ባሕርይ ሰው የሚያደርጋት የምትታይበት ሰዓት ብዛት አይደለም። የራሷ ፍላጎት፣ የራሷ ውሳኔ፣ የራሷም ነገ ሲኖራት ነው።

“በቃ፣ መጽሐፉ የአስፈሪ ታሪክ ነው፣ ተጎጂ ዝም ማለቷ የግድ ነው” የሚል ይኖራል። ተጎጂስ ጎርደንም ነው። እሱ ግን ዝም አላለም፤ ተሰቃየ፣ ጸና፣ የታሪኩን መልስ የሰጠውም እሱ ነው። ሙር ራሱ እንኳን በኋላ ዘመን በዚህ ሥራው እንደማይኮራ ደጋግሞ ተናግሯል። ደራሲው ያልጠበቀውን መጽሐፍ እኛ ምን ቤት ነን ፊደል በፊደል የምንጠብቀው?

አሁን የምንወደውን ክፍል እናውራ። ባርባራን “ጠየቅናት” ያሉ ሰዎች ነበሩ፤ ያውም ፊልሙ ከመሠራቱ ሩብ ምዕተ ዓመት በላይ ቀድመው። ጆን ኦስትራንደር እና ኪም ዬል የተባሉ ባልና ሚስት ጸሐፊዎች መጽሐፉ ባርባራን ባስተናገደበት መንገድ አልተደሰቱም። ታዲያ ምን አደረጉ? በ1989 “ስዊሳይድ ስኳድ” በተባለው ኮሚክ “ኦራክል” የምትባል የመረጃ ጠንቋይ ይዘው ብቅ አሉ። ማንነቷ ቆይቶ ሲገለጥ በዊልቸር ላይ የተቀመጠችው ባርባራ ሆና ተገኘች። በኮምፒውተሯ ከተማውን ሁሉ የምታይ፣ ጀግኖቹ ሲቸግራቸው የሚደውሉላት፣ ያለሷ ሥራ የማይሄድ ሰው። ጥይቱን እንዳልተተኮሰ አላደረጉትም። በአንድ ሌሊት ፈውሰውም አላስነሷት። “ከዚያስ በኋላ?” ብለው ጠየቁ፣ መልሱን ለእሷ ተዉት። በ2011 ዲሲ ታሪኮቹን እንደ አዲስ ጀምሮ ባርባራን በእግሯ ሲያቆማት ብዙ የአካል ጉዳተኛ አንባቢዎች ያዘኑት ለዚህ ነው። እነሱ የሚመስሏትን ጀግና ነበር ያጡት።

ፊልሙም ይህን ያውቃል። ሲያበቃ፣ የሠራተኞቹ ስም መውጣት ከጀመረ በኋላ፣ ባርባራ በዊልቸሯ ወደ ኮምፒውተሮቿ ስትሄድ ለጥቂት ሰከንዶች ያሳየናል። ወይ ነዶ! ሊያወሩልን የሚገባው ታሪክ እኮ እሱ ነበር። ግማሽ ሰዓት ተርፏቸው ከጥይቱ በፊት አዋሉት። ያንኑ ግማሽ ሰዓት ከጥይቱ በኋላ ቢያውሉት ኖሮ ርዝመቱም ይሞላ ነበር፣ ባርባራም ሰው ትሆን ነበር፣ መጽሐፉም ሳይነካ ይቀር ነበር። ሦስቱንም ጎራ የሚያስታርቅ መንገድ እጃቸው ላይ ነበረ።

ስለ አድናቂነትም አንድ ነገር ሳንል አናልፍም። በ2015 ሠዓሊው ራፋኤል አልቡኬርኬ ይህንኑ መጽሐፍ ለማስታወስ ለ“ባትገርል” ቁጥር 41 አማራጭ ሽፋን ሣለ። ጆከር የምታለቅሰውን ባትገርል ይዞ የሚታይበት ነው። አንባቢዎች “ይሄ አሁን ካለችው ባትገርል ጋር አይሄድም” ብለው ተቃወሙ። ሠዓሊው ራሱ ጠይቆ ሽፋኑ ቀረ። በዚያ ክርክር ተቃዋሚዎቹ ላይ እስከ ዛቻ የደረሱ ሰዎች ነበሩ። ለተሣለች ሴት ተብሎ በሕይወት ያለ ሰው ማስፈራራት! ይሄ ፍቅር አይደለም፣ ጣዖት ማምለክ ነው። በሌላ በኩል ሠሪዎቹም “አድናቂ ሁሌ ያለቅሳል” እያሉ መገላገል የለባቸውም። አልቃሹ ትኬት ቆራጩ ነው። ቢያንስ ለምን እንደሚያለቅስ መስማት ያባት ነው።

በኛ እምነት ጥሩ አድናቂ ማለት የመጽሐፉ ዘበኛ አይደለም። የሚወደውን ሥራ “እዚህ ጋ አጎደልክ” ለማለት የማይፈራ ሰው ነው። በ1999 ጌይል ሲሞን በኮሚክ ታሪኮች ውስጥ ወንዱን ጀግና ለማስቆጣት ሲባል የተገደሉ፣ የተጎዱ፣ ኃይላቸውን ያጡ ሴቶችን ዝርዝር አውጥታ “ለምን?” ብላ ጠየቀች። ያኔ ተራ አንባቢ ነበረች። ከዓመታት በኋላ ያችው አንባቢ ባርባራ የምትመራቸውን “በርድስ ኦቭ ፕሬይ”ን፣ በ2011 ደግሞ ራሷን “ባትገርል”ን ጻፈች። ትችት ወዴት ሊያደርስ እንደሚችል አያችሁ?

እና ይሄ ሁሉ ለኛ ምናችን ነው? ወዳጆች፣ በራሳችን ፊልምና ድራማ ላይ እህት የምትደፈረው ወንድም እንዲበቀል፣ ሚስት የምትሞተው ባል ፂሙን አሳድጎ እንዲያለቅስ የሆነበትን ታሪክ ስንት ጊዜ አይተናል? እንባችንን ጠርገን ወጥተን ስለ እሱ ብቻ ነው የምናወራው። እሷ ካለች የት ናት? ከዚያ ቀን በኋላ ምን ሆነች? ማን ጠየቃት?

በሚቀጥለው ጊዜ ሲኒማ ስትገቡ ወይም ፍላሽ ስትሰኩ ይህቺን አንዲት ጥያቄ ይዛችሁ ግቡ። ለሚጽፉ ጓደኞቻችሁም አቀብሏቸው። ፊልሙ ጥሩ ከሆነ ጥያቄዋን ይችላታል፤ ካልቻላትም ችግሩ የጥያቄዋ አይደለም።

ቸር ሰንብቱ!