«አይሆንም» ያለው ሕዝብ ምን አውቆ ነው?

ወገን፣ ዛሬ ከሰፈራችን ራቅ ብለን ኖርዌይ እንሂድ። ኖርዌይ ሲባል ሃላንድ ብቻ ትዝ የሚላችሁ ትንሽ ታገሱን። ይህች አገር ሁለት ጊዜ፣ በ1972 እና በ1994 (ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው)፣ «ወደ አውሮፓ ማኅበር እንግባ ወይስ ይቅርብን?» ብላ ሕዝቧን ጠይቃለች። ሕዝቡ ሁለቱንም ጊዜ «አይሆንም» አለ። ያውም መንግሥት ግቡ እያለው፣ ትልልቆቹ ጋዜጦች ግቡ እያሉት፣ ባለፋብሪካው ግቡ እያለው።

ይህን የሰማ ሰው ቶሎ ብሎ «ነዳጅ ስላላቸው ነዋ የኮሩት!» ይላል። ነዳጁ ረድቷል፣ አይካድም። ግን ጊዜውን ልብ በሉ። ትልቁ የነዳጅ ክምችት ባሕር ውስጥ የተገኘው በ1969 ነው፤ በ1972 ገና ምኑም አልተያዘም። ዛሬ ዓለም የሚቀናበት የነዳጅ ፈንዳቸው ደግሞ ሕጉ በ1990 ይውጣ እንጂ የመጀመሪያው ገንዘብ የገባበት በ1996 ነው። ሁለቱም ድምፅ ሲሰጥ ካዝናው ባዶ ነበር ማለት ነው።

ታዲያ ምን አውቀው ነው?

አንደኛ፣ «ኅብረት» የሚለውን ቃል ከእኛ በተለየ ጆሮ ነው የሚሰሙት። ኖርዌይ ከ400 ዓመት በላይ በዴንማርክ ነገሥታት ሥር ኖራለች። በ1814 ከዴንማርክ ስትላቀቅ ከስዊድን ጋር በአንድ ንጉሥ ሥር ተጠቃለለች። ያ ኅብረት በ1905 ሲፈርስ ሕዝቡ ተጠይቆ ነበር፤ ይፍረስ ያለው 368,208 ሰው፣ አይፍረስ ያለው 184 ሰው። ቁጥሩ አልተሳሳተም፣ መቶ ሰማንያ አራት ሰው! ያኔ ልጅ የነበረ በ1972 አያት ሆኖ ድምፅ ሰጥቷል። ለእሱ ነጻነት ከመማሪያ መጽሐፍ የተገኘ ወሬ አልነበረም።

ሁለተኛው ግን የሆድ ጉዳይ ነው፣ ዋናውም እሱ ይመስለኛል። ዓሣ። የያኔዎቹ ስድስት የማኅበሩ አገሮች አዲስ አባል ከመቀበላቸው በፊት አንድ ነገር አስቀድመው ተስማሙ፦ የአባል አገሮች መርከቦች አንዱ በሌላው ውኃ እኩል ያጠምዳሉ። በሩን ሳይከፍቱ ሕጉን ጨረሱት። የባሕር ዳርቻዋ እንደዚያ ረጅም ለሆነ፣ የሰሜን መንደሮቿ በዓሣ ብቻ ለሚተዳደሩ አገር ይህ ምን ማለት እንደሆነ ዓሣ አጥማጁ ፕሮፌሰር አላስፈለገውም። የራሷ የኖርዌይ የዓሣ ሚኒስትር ክኑት ሁም እንኳ «የተደራደርነው አይበቃም» ብለው በ1972 መጀመሪያ ላይ ሥልጣናቸውን ለቀቁ። ሚኒስትር ነው እንግዲህ፣ ሥልጣን የለቀቀው።

ገበሬውም የራሱ ሒሳብ ነበረው። መሬቱ ጠባብ፣ ክረምቱ ረጅም ነው። ከደቡብ የሚመጣ ርካሽ ስንዴና ሥጋ ያለ ቀረጥ ከገባ በጋው አጭር የሆነበት ገበሬ ምን ይዞ ይወዳደራል? ስለዚህ ገበሬው፣ ዓሣ አጥማጁ፣ የግራ ተማሪው፣ የምዕራቡ ጠንካራ ክርስቲያን፣ በሌላ ጊዜ አንድ ማዕድ ላይ የማይቀመጡ ሰዎች፣ በአንድ ንቅናቄ ተሰለፉ። ውጤቱ 53.5 በመቶ አይሆንም። ጠቅላይ ሚኒስትሩ ትሪግቨ ብራተሊ ከተሸነፍኩ እለቃለሁ ብለው ነበር፤ ለቀቁም።

በ1994 ደግሞ ነገሩ በብልሃት ተዘጋጀ። መጀመሪያ ፊንላንድ በጥቅምት ድምፅ ትስጥ፣ ቀጥሎ ስዊድን በኅዳር አጋማሽ፣ ኖርዌይ ደግሞ መጨረሻ ላይ። ጎረቤቶቿ ሲገቡ እሷም ብቻዬን እቀራለሁ ብላ ትከተላለች የሚል ስሌት ነበር። ፊንላንድ ገባች። ስዊድን ለጥቂት ገባች። ኖርዌይ ግን ኅዳር 28 ቀን (ይሄም በነሱ አቆጣጠር) 52.2 በመቶ አይሆንም አለች። ከመራጩ 89 በመቶው ወጥቶ ነው ድምፅ የሰጠው! ኦስሎ በሰፊው እንግባ ስትል፣ ሰሜኑ ጫፍ ፊንማርክ ከ70 በመቶ በላይ እምቢ አለ። ሴቶች ከወንዶች ይልቅ አይሆንም ብለዋል። ጠቅላይ ሚኒስትሯ ግሮ ሃርሌም ብሩንትላንድ ለመግባት የታገሉ፣ የተቃዋሚው ወገን ፊታውራሪ የመሀል ፓርቲ መሪዋ አነ ኤንገር ላንስታይን፤ ሁለቱም ሴቶች ናቸው። ዋና ከተማው የሚያምርለት ነገር ለጠረፉ መንደር መዘጋት ሊሆን እንደሚችል ያን ቀን በካርታ ላይ ታየ።

እዚህ ላይ አጨብጭበን ብንበተን ደስ ባለን። ግን ሉዓላዊነት ሉዓላዊነት ስንል የምንውል ልጆች ሌላውን ግማሽም ማንበብ አለብን።

ኖርዌይ ከ1994 ጥር ጀምሮ የአውሮፓ ኢኮኖሚ ቀጠና የሚባለው ስምምነት ውስጥ አለች፤ አይስላንድና ሊክተንሽታይንም አሉበት። ስምምነቱ ለአውሮፓ ገበያ በሩን ይከፍትላታል። ዋጋው ምንድን ነው? የገበያውን ሕግ ብራስልስ ሲያወጣ ኖርዌይ ድምፅ የላትም፤ የወጣውን ግን ተቀብላ በአገሯ ሕግ ውስጥ ታስገባለች። ገንዘብም ትከፍላለች። እዚያው አገር «የፋክስ ዲሞክራሲ» እያሉ ይቀልዱበት ነበር፤ ሕጉ በፋክስ ይመጣል፣ እነሱ ይፈርማሉ። በበር የተመለሰው በመስኮት ገባ ማለት ነው።

ግን ምን በመስኮት አልገባም? የጋራ የእርሻና የዓሣ ፖሊሲው። የተጣሉበት ነገር እጃቸው ላይ ቀርቷል። እኔ እንደሚመስለኝ ትልቁ ነገር ይሄ ነው፦ የትኛውን እንደማይለቁ፣ ለየትኛው ደግሞ እንደሚከፍሉ ለይተው ያውቁ ነበር። ሁሉንም ይዘን ምንም አንከፍልም ያለ የለም፤ ያለም ካለ አልተሳካለትም።

«አይሆንም» ማለት ብቻ ነው ጀግንነት እንዳትሉም፣ ማልታን እዩ። በ2003 ሕዝቧ ግማሽ ሚሊዮን እንኳ አይሞላም ነበር። 91 በመቶው ወጥቶ 53.6 በመቶው እንግባ አለ። ከዚያ በፊት ግን ተደራድራ፣ የውጭ ሰው በደሴቷ ላይ ሁለተኛ ቤት እንዳይገዛ የሚገድብ ልዩ መብት አስፈርማ ነው። ደሴት ናት፣ መሬት አይጨምርላትም። አንዷ ገብታ፣ ሌላዋ ቀርታ፣ ሁለቱም የሚፈሩትን ነገር በስሙ ጠርተው ወረቀት ላይ አስፍረዋል።

አሁን ወደ እኛ። ኢትዮጵያ ትንሽ አገር አይደለችም፣ ይህን አላምታታም። ግን የአፍሪካ አህጉራዊ ነጻ የንግድ ቀጠናን በ2018 መጋቢት ኪጋሊ ላይ ከፈረሙት ውስጥ አለችበት፤ ፓርላማችንም በ2019 አጽድቆታል። ስምምነቱ ከሸቀጥ ዓይነቶች 90 በመቶው ላይ ቀረጥ ቀስ በቀስ ይነሳ ይላል። እኔ የአፍሪካ ገበያ መከፈቱን አልጠላም፤ ዲግሪ ይዞ ቤት ለተቀመጠ ልጅ ሥራ የሚመጣው ከሚሸጥ ዕቃ ነው። ግን ቀረጡ የሚነሳው በየትኛው ዕቃ ላይ ነው? ጫማ ሠሪው፣ ዘይት ጨማቂው፣ የመርካቶ ልብስ ሰፊው ያውቀዋል? የኖርዌይ ዓሣ አጥማጅ የሚነካውን አንቀጽ ያውቅ ነበር። እኛ ሰፈር ክርክሩ ያለው በሁለት ጎራ ነው፦ አንዱ «ፓን አፍሪካ» ብሎ ባንዲራ ይለጥፋል፣ ሌላው «ሸጡን» ብሎ ፖስት ያደርጋል። ሰንጠረዡን የከፈተ ግን ብዙ አይታይም።

እኛ ሥራ ፈላጊዎች ደግሞ የማናጣው ነገር ጊዜ ነው። የቀረጥ ቅነሳ ዝርዝሩን ያነበበ፣ ወይም እሱ ባለበት ሙያ ላይ ምን እንደሚል የሚያውቅ ልጅ ካለ ኮሜንት ላይ ይጻፍልን። ቆዳ ላይ የሠራ፣ ጨርቃ ጨርቅ የተማረ፣ ቤተሰቡ የምግብ ዘይት የሚያመርት፣ በተለይ እናንተ። በዘርፍ በዘርፍ እየከፈልን እዚሁ ገጽ ላይ እንለጥፈዋለን፤ የመጀመሪያው ቆዳና ጫማ ይሆናል።