ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ቡድን፦ የማይክሮሰርቪስ ባለቤትነት ጥያቄ

አንድን ትልቅ ሶፍትዌር ራሳቸውን ችለው በሚሠሩ ትንንሽ አገልግሎቶች የመከፋፈል ስልት፣ ማለትም ማይክሮሰርቪስ፣ ጄምስ ሉዊስና ማርቲን ፋውለር እ.ኤ.አ. በ2014 ካቀረቡት ገለጻ ወዲህ በዓለም ዙሪያ ገንኗል። በአዳማም ሆነ ከቢሾፍቱ እስከ ሻሸመኔ ባሉ ከተሞች ሶፍትዌር የሚያበለጽጉ ወጣቶች ይህን ስልት ቢመኙ አያስገርምም። ይሁን እንጂ አገልግሎቶቹ ስንት ይሁኑ ከሚለው በፊት ሊመለስ የሚገባው ጥያቄ የእያንዳንዱ ባለቤት ማን ነው የሚለው ነው።

የስልቱ መነሻ የቴክኒክ ችግር ብቻ ሳይሆን የሰው ብዛትም ነው። ሜልቪን ኮንዌይ እ.ኤ.አ. በ1968 ባሳተመው ጽሑፍ፣ አንድ ድርጅት የሚነድፈው ሥርዓት የድርጅቱን የመነጋገሪያ መስመር እንደሚመስል አመልክቷል። አማዞንም ሥራውን ለትንንሽ ቡድኖች ሲያከፋፍል፣ አገልግሎቱን የጻፈው ቡድን ራሱ እንዲያንቀሳቅሰውና ሲበላሽም ራሱ እንዲጠግነው አድርጓል። ክፍፍሉ የጠቀመው በመቶዎች የሚቆጠሩ ቡድኖች እርስ በርስ ሳይጠባበቁ እንዲሠሩ ስላስቻለ ነው።

አራት ባለሙያዎች ብቻ ያሉት አንድ ኮሌጅ ይታሰብ። ምዝገባውን፣ ክፍያውን፣ ውጤቱንና ማደሪያውን በአሥራ ሁለት አገልግሎቶች ቢከፋፍል፣ ቀድሞ በአንድ ፕሮግራም ውስጥ አብሮ ይጸድቅ ወይም አብሮ ይሰረዝ የነበረው ሥራ አሁን በኔትወርክ ላይ ይንጠለጠላል። ተማሪዋ በቴሌብር ትከፍላለች፤ የክፍያው አገልግሎት ገንዘቡን ይመዘግባል፤ መስመሩ ይቋረጥና ስሟ ከምዝገባው ዝርዝር ይጎድላል። ክፍሉ ሁሉ «የእኔ አይደለም» ሲል በየቢሮው የምትንከራተተው እርሷ ናት። ሃምሳ ሎሚ ለሃምሳ ሰው ጌጡ፣ ለአንድ ሰው ሸክሙ ነው።

አዳማ ለዚህ ጉዳይ ከአዋሽ የተሻለ አስተማሪ የላትም። እ.ኤ.አ. በ1960 የተጠናቀቀው የቆቃ ግድብ ኤሌክትሪክ ያመነጫል፤ ከግድቡ በታች የወንጂ ሸንኮራ አገዳ በወንዙ ይለማል፤ የአዳማ ነዋሪም ከዚሁ ወንዝ ይጠጣል። የግድቡ ሠራተኛ የአገዳውን መስኖ አያስተዳድርም፤ የስኳር ፋብሪካውም ተርባይኑን አይነካም። ሁለቱን የሚያስማማቸው ምን ያህል ውኃ መቼ እንደሚለቀቅ መታወቁ ነው። በአገልግሎቶች መካከል ያለው ኤፒአይም እንዲህ ያለ ውል ነው። የላይኛው ቡድን ውስጡን እንደ ፈቀደ ሊለውጥ ይችላል፤ የሚለቀውን ግን ለታችኛው ሳያስታውቅ ሊለውጥ አይገባም። ሁለት ቡድኖች በአንድ ዳታቤዝ ላይ በቀጥታ ሲጽፉ ውሉ ይፈርሳል፤ ተጠያቂውም ይጠፋል።

«ኮዱ የሁሉም ይሁን» የሚል ሙግት አለ፤ ለአንድ ቅርብ ቡድንም ትክክል ነው። ቡድኖች ሲበዙ ግን ባለቤቱ ካልጮኸ ጎረቤት አይረዳም። ስለዚህ ማንም ማሻሻያ ማቅረብ ይችል፤ መርምሮ የሚያጸድቀው ግን ባለቤት የሆነው ቡድን ይሁን። ባለቤቱ ግለሰብ መሆን የለበትም፤ አንድ ሰው ሥራ ሲለቅ አገልግሎቱ ወላጅ አልባ ይሆናልና።

እንግዲህ ትንሽ ቡድን በውስጡ በሚገባ የተከፋፈለ አንድ ፕሮግራም ይዞ ቢጀምር ይሻለዋል። አንዱን ክፍል ነጥሎ ማውጣት የሚገባው ክፍሉን የሚረከብ ሁለተኛ ቡድን ሲኖር፣ ወይም የዚያ ክፍል ጭነት ከሌላው እጅግ ሲለይ ነው። የዩኒቨርሲቲ የመመረቂያ ፕሮጀክቶችም ከአገልግሎቶቹ ብዛት ይልቅ በአንዲት ገጽ ቢመዘኑ መልካም ነው፤ ይኸውም ሲበላሽ ማን እንደሚጠራ፣ በምን ላይ እንደሚደገፍና ተማሪዎቹ ከተመረቁ በኋላ ማን እንደሚረከበው በሚያስረዳ ገጽ። ይህ ገጽ ካልተሞላ ሥራው ገና አልተጠናቀቀም።