የጀርባ ሕመምና የሰዓት ዋጋ

በአዊ አገር ጀርባውን ወይም ወገቡን ያመመው ሰው ምክንያት አያጣም። አንዱ ከፈረስ ወድቆ ነበር ይባላል፤ ሁለተኛው በፋግታ ለኮማ ከሰል ሲያከስልና ጆንያ ሲሸከም ወገቡ ተቀጨ ይባላል፤ ሴቲቱም እንስራ አዝላ ዳገት ስለ ወጣች ነው ይባላል። ይህ ግምት አብዛኛውን ጊዜ ከእውነት የራቀ አይደለም፤ እንዲህ ያለውም ሕመም በጥቂት ሳምንት ራሱ ይለቃል። ነገር ግን ከብዙዎቹ መካከል ጥቂቶች አሉ፤ እነዚህን የሚያሠቃያቸው ሸክም ሳይሆን በጡት፣ በሳምባ፣ በኩላሊት ወይም በወንዶች የፕሮስቴት ዕጢ ጀምሮ በደም መንገድ ወደ አከርካሪ አጥንት የተጓዘ ነቀርሳ ነው።

ነቀርሳው አጥንቱን ከውስጥ እየበላ ሲያሰፋ በአከርካሪው ቦይ ውስጥ የሚወርደውን ኅብለ ሰረሰር ይጫነዋል። በመጀመሪያ የሚመጣው ሕመም ብቻ ነው፤ ይኸውም ዕረፍት የማያስታግሰው፣ ይልቁንም ሌሊት በተኙ ጊዜ የሚብስ ነው። ቀጥሎ እግር ይከብዳል፤ ደረት ወይም ሆድ በመቀነት የታሰረ ያህል ይጨንቃል፤ ከዚያ በታች ያለው ገላ ይደነዝዛል፤ በመጨረሻም ሽንት ይታገዳል ወይም ሳያውቁት ይፈሳል። ሕመሙ ወራት ሊቆይ ይችላል፤ እግሩ ከደከመ በኋላ ግን የሚቀረው ጊዜ በቀናት፣ አንዳንድ ጊዜም በሰዓታት የሚቈጠር ነው።

ይህ ነገር በግምት የተነገረ አይደለም። እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ2005 ዓ.ም. በታተመ የአሜሪካ ሐኪሞች ጥናት 101 ሕሙማን በሁለት ወገን ተከፍለው፣ እኩሌቶቹ በቀዶ ሕክምና ጫናው ከተነሣላቸው በኋላ ጨረር፣ እኩሌቶቹ ጨረር ብቻ ተሰጣቸው። በቀዶ ሕክምና ከታከሙት ከመቶው 84 በእግራቸው ሲሄዱ፣ ጨረር ብቻ ካገኙት የሄዱት 57 ናቸው። መሄድ አቅቷቸው ከመጡት ደግሞ በመጀመሪያው ወገን ከ16 ሰዎች 10፣ በሁለተኛው ከ16 ሰዎች 3 ብቻ ተመልሰው ቆመዋል። ከ48 ሰዓት በላይ ፈጽሞ ሽባ ሆኖ የቆየ ሰው በዚህ ጥናት እንዳልገባ ልብ ማለት ይገባል፤ ሐኪሞቹ ከዚያ በኋላ ያለውን ተስፋ እጅግ ጠባብ አድርገው ያዩታልና።

ቀዶ ሕክምናው ግን ለሁሉ አይሆንም፤ አካሉ የማይችለው አለ፣ ደዌው በብዙ ስፍራ የተበተነበትም አለ። ስለዚህ በእንግሊዝና በአውስትራልያ በ686 ሕሙማን ላይ ተደርጎ በ2019 የታተመው ምርመራ ለኢትዮጵያ ይበልጥ የሚጠቅም ይመስላል። በአምስት ቀን የተከፋፈለ ጨረር ከአንድ ጊዜ ጨረር ጋር ተነጻጽሮ፣ ከስምንት ሳምንት በኋላ በአምስቱ ቀን ከታከሙት ከመቶው 73 ያህል፣ በአንዱ ቀን ከታከሙት 69 ያህል መራመድ ችለዋል። አጥኚዎቹ አስቀድመው ባቆሙት ጥብቅ መለኪያ ሁለቱ እኩል ናቸው ለማለት አልደፈሩም፤ ልዩነቱ ግን ጥቂት ነው። ከእነዚያ ሕሙማን እኩሌቶቹ ከሦስት ወር ገደማ በላይ እንዳልኖሩ ሲታሰብ፣ ከዳንግላ ተነሥቶ በሰው ከተማ አልጋ ለሚከራይ ቤተ ሰብ የአራት ቀን ትርፍ ቀላል አይደለም። በቀረው ዘመን በእግር ቆሞ ቅዳሴ ማስቀደስና ተሸክመው ማገላበጥ ለሚያስፈልገው ሰው መተኛት ምን ያህል እንደሚራራቁም ካህናት ከማንም ይልቅ ያውቃሉ።

በዚህ ላይ የቃሉ ነገር አለ። በአማርኛ ነቀርሳ ሲባል ካንሰርም ይባልበታል፤ የሳምባ ነቀርሳ ተብሎ ደግሞ ቲቢ ይጠራበታል። ቲቢም እንደ ካንሰር በአከርካሪ ውስጥ ገብቶ አጥንት ያፈርሳል፣ እግርም ያሽመደምዳል። በራጅና በኤም አር አይ ሲታይ ቲቢ አብዛኛውን ጊዜ በሁለት አጥንት መካከል ያለውን ለስላሳ ትራስ ሲበላ፣ ካንሰር ግን ብዙ ጊዜ ትራሱን ትቶ አጥንቱን ይይዛል፤ ቁርጡ የሚታወቀው ግን ናሙና ተወስዶ ሲመረመር ነው። ቲቢ በመንግሥት ጤና ተቋም ያለ ዋጋ በሚሰጥ ኪኒን በወራት ይድናል። በአከርካሪ ቦይ ውስጥ የሚበቅል ዕጢም ሁሉ ክፉ አይደለም፤ ተቈርጦ ወጥቶ ደግሞ የማይመለስ አለ። እንግዲህ ሳይመረመር ነቀርሳ ነው ተብሎ ተስፋ ቈርጦ ወደ ቤቱ የሚመለስ ሰው ሊድን ሲችል የሚጠፋ ሊሆን ይችላል።

ከዳንግላ እስከ ባሕር ዳር 80 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ በዚያም ፈለገ ሕይወትና ጥበበ ግዮን ሆስፒታሎች አሉ። ከእንጅባራ እስከ አዲስ አበባ 450 ኪሎ ሜትር ይሆናል። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የአንጎልና የኅብለ ሰረሰር ቀዶ ሐኪሞች ማስተማር የተጀመረው በ2006 ነው፤ የጥቁር አንበሳ ሆስፒታልም ከሃያ ዓመት በላይ በአገሩ ብቸኛው የጨረር ሕክምና ስፍራ ሆኖ ከቆየ በኋላ በጅማም ተከፍቷል። መንገዱ ሩቅ መሆኑ አይካድም። ይሁን እንጂ ብዙው ጊዜ የሚያልቀው በአውቶቡስ አይደለም፤ በቤት፣ በወጌሻ እጅ፣ በጠበል ስፍራና በጽሕፈት ቤት ጠረጴዛ ላይ ነው። ነቀርሳ የበላው አጥንት ደግሞ ሲታሽና ሲጫኑት ሊሰበር ይችላል።

ስለዚህ የጠበል አጥማቂዎችና የደብር አለቆች እግሩ እየከበደ የመጣውን ሕመምተኛ ሱባኤውን እስኪፈጽም አያቆዩት፤ በዚያው ቀን ወደ ጤና ጣቢያ ይላኩት፤ ጠበሉም ሲመለስ ይጠብቀዋል። ጡቷ ላይ እብጠት የነበረባት ሴት ጀርባዬን ስትል ከሁሉ አስቀድሞ ትታይ። የዞኑና የወረዳው ሹማምንት ደግሞ እንዲህ ያለ ሕመምተኛ እንደ ምጥ የያዛት ሴት በአምቡላንስ እንዲነሣ፣ የጤና መድን መላኪያ ወረቀቱም ሳያድር እንዲፈረም ማዘዝ ይችላሉ፤ ለዚህ አዲስ በጀት አያስፈልግም። ሐኪሙ የሚያዘው ርካሹ ዴክሳሜታዞን የኅብለ ሰረሰሩን እብጠት ለጊዜው ስለሚያስታግስ በየሆስፒታሉ እንዳይታጣ መቈጣጠርም የእነርሱ ነው። በወረቀቱም ላይ እግሩ መቼ እንደ ደከመ ቀኑና ሰዓቱ ይጻፍ፤ አገውኛ ብቻ የሚናገር ሽማግሌ ባሕር ዳር ወይም አዲስ አበባ ደርሶ ይህን ለማስረዳት ይቸገራልና።