በኪስ ገንዘብ ዕድሜ ይገዛል እንዴ?

ሰሞኑን የአጎቴ ልጅ ከጊምቢ ተነስቶ ነቀምቴ እኔ ዘንድ መጣ። ይዞ የመጣው ሁለት ነገር ነው፤ በፌስታል የታሰረ ልብስና አንድ የውል ወረቀት። ወረቀቱ ባጭሩ እንዲህ ይላል፦ መንግሥት ያስተምርሃል፣ ያበላሃል፣ ያሳድርሃል፤ አንተ ደግሞ መምህር ትሆናለህ፣ ስትመረቅም በተመደብክበት ቦታ ይህን ያህል ዓመት ታገለግላለህ። ልጁ ግን መምህርነትን አልመረጠም። የሞላው ሕግ ነበር፣ የደረሰው ሌላ ሆነ።

«ጋሼ፣ እኔ አልፈርምም» አለኝ።

ጫማውን ሳያወልቅ ስልኬ ጮኸ። አጎቴ ናቸው። ሰላምታ የለ፣ ምን የለ! «አንተ ነህ ያበላሸኸው! ያንተን አይቶ ነው! መንግሥት በነጻ ላስተምር ሲል እምቢ የሚል ልጅ በዘራችን ካንተ በፊት አልነበረም!»

እውነታቸውን ነው። በ2000 ዓ.ም. የአሥረኛ ክፍል ውጤቴ መሰናዶ አላስገባኝም። እንደ ብዙ እኩዮቼ የመምህራን ኮሌጅ ደረሰኝ። በወር የኪስ ገንዘብ አለ ተባለ፤ እሰየው! ዋስ ጥራ ተባለ፤ እኚሁ አጎቴ የቡና ሥራቸውን ትተው መጡ። ተራዬ ደርሶ ውሉን ማንበብ ስጀምር መዝጋቢዋ ተቆጣች። «አንብበህ ምን ልታመጣ ነው? ሰው ሁሉ ፈርሟል፣ ወረፋውን አታስቁም!» አለችኝ። እኔም ወረፋውን ለቀቅኩላት። እናቴ ሦስት ቀን አላናገረችኝም። በአራተኛው ቀን ቅቤዋን ይዛ ገበያ ወጣች። በዚያ ቅቤ ነው በግል ኮሌጅ ዲፕሎማ የያዝኩት። (የዚያ ዲፕሎማ እንጀራ ምን ያህል ቀጭን እንደሆነ አጎቴ በየበዓሉ ያስታውሱኛል፤ እሱን ለሌላ ጊዜ።)

እንግዲህ ወደ ቁም ነገሩ። ይህ ስጦታ ነው ወይስ ግዢ? ስጦታ ከሆነ በምትኩ ዕድሜ አይጠየቅበትም። ግዢ ከሆነ ደግሞ ሻጩ የ17 እና የ18 ዓመት ልጅ ነው፤ ምን እንደሚሸጥ እንኳ በቅጡ አላወቀም!

የወጪ መጋራት የሚባለው ነገር በ1996 ዓ.ም. በደንብ ቁጥር 91 ሲመጣ፣ ተማሪው ምግብና መኝታውን ሙሉ በሙሉ፣ የትምህርቱን ደግሞ ቢያንስ 15 በመቶ እንዲሸፍን፣ ተመርቆ ሥራ ሲይዝም ከደመወዙ ቢያንስ 10 በመቶ እየተቆረጠ እንዲከፍል ነበር የተደነገገው። ለመምህርነት የሚሰለጥነው ግን በገንዘብ ፈንታ በአገልግሎት እንዲከፍል መንገድ ተከፈተለት። ሲሰሙት ደግ ይመስላል። ችግሩ ያለው ወዲህ ነው። መምህርነትን ወዶ ለገባ ይህ በረከት ነው። ተመድቦ ለገባ ግን ዕዳውን በብር ልክፈልና ልሂድ ቢል፣ ማስረጃው መሳቢያ ውስጥ ይቆለፍበታል። አብሮኝ የተሰለፈ አንድ ጓደኛዬ ፈረመ፣ ቄለም ተመደበ፣ አስተማረ። ከዓመታት በኋላ ነቀምቴ ላይ ጥሩ ሥራ አገኘና «ኦሪጅናሉን አምጣ» ተባለ። ከየት ያምጣ? ሥራው አመለጠው። ዛሬም ያስተምራል፤ ስለ ተማሪዎቹ ስጠይቀው ግን ወሬ ይለውጣል።

ሕገ መንግሥቱ እንኳ በ1987 ዓ.ም. በአንቀጽ 41 እያንዳንዱ ኢትዮጵያዊ መተዳደሪያውን፣ ሥራውንና ሙያውን መምረጥ ይችላል ብሏል። ባለሥልጣኖቻችን ይህን ስንጠቅስባቸው መልሳቸውን አውቀዋለሁ። «ማን አስገደደህ? አትፈርም!» ይላሉ። መልካም! ነገር ግን ያልፈረመው ልጅ የሚያጣው ያን የትምህርት ክፍል ብቻ ነው እንዴ? የመንግሥትን ወንበር በሙሉ ነው የሚያጣው። በ2014 ዓ.ም. የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ እንደነበሩ ሁላችንም ሰምተናል። በዚያ ወንፊት ያለፈን ልጅ «ወይ ይህን ሁን ወይ ሜዳ ላይ ቅር» ማለት ምርጫ ነው? አባቱ ቡና የሚነግድ ልጅ እምቢ ሊል ይችላል። እናቱ ቅቤ ያላትም እንደ ምንም እምቢ ይላል። የአርጆ የገበሬ ልጅ ግን ይፈርማል፤ ዓይኑን ጨፍኖ ይፈርማል። ስለዚህ ግዴታው የሚወድቀው በድሃ ላይ ብቻ ነው።

ድሮም እኮ ተማሪ አገልግሏል። ከ1957 ዓ.ም. ጀምሮ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ዲግሪያቸውን ለማግኘት አንድ ዓመት ክፍለ ሀገር ወርደው ማገልገል ነበረባቸው፤ አብዛኞቹም አስተማሩ። አንድ ዓመት! ከዚያ በኋላ ሰው በራሱ ሙያ ይሄዳል። ደርግ መጣና ተመራቂን ሁሉ እንደ እህል በየመሥሪያ ቤቱ አከፋፈለ። ክፉ አሠራር ነበር። ቢሆንም ደርግ እንኳ መድቦ ደመወዝ ይከፍል ነበር። የኋለኞቹ ግን ፊርማውን ይወስዱና እንጀራውን ይረሱታል።

አጋነንክ የሚለኝ ካለ ሐኪሞቹን ይጠይቅ። በመንግሥት ወጪ የተማረ ሐኪም ግዴታ ፈርሞ ነው የሚማረው። ባለፉት ዓመታት ግን ተመርቀው ቅጥር ያጡ ወጣት ሐኪሞች በየከተማው አየን። የሚያስታምሙት ሕመምተኛ ሞልቷል፣ ቅጥሩ የለም፣ ግዴታው አለ! በግንቦት 2011 ዓ.ም. አደባባይ ወጡ፣ በግንቦት 2017 ዓ.ም. ደግሞ የጤና ባለሙያዎች ሥራ እስከ ማቆም ደረሱ። ለመሆኑ አንደኛው ወገን ብቻ የሚታሰርበት ነገር ውል ተብሎ ይጠራል?

ሲንጋፖርን እንደ አርአያ መጥቀስ የሚወዱ ሹሞች አሉን። ይጥቀሷት እንግዲህ! እዚያም መንግሥት ወጣቶችን በውል ያስተምራል፣ ውሉም ጥብቅ ነው። በ1998 እ.ኤ.አ. ውል ያፈረሱት ሰዎች ስም ይፋ ይውጣ አይውጣ ተብሎ ትልቅ ጭቅጭቅ ተነስቶ ነበር። ነገር ግን እዚያ የተማረውን ሥራው ይጠብቀዋል፤ አልፈልግም ያለ ደግሞ ከነወለዱ ከፍሎ ይሄዳል። መሪር ቢሆንም በር አለው። የእኛው ግን ግድግዳ ብቻ ነው።

«ታዲያ የቤጊን፣ የነጆን፣ የመንዲን ልጅ ማን ያስተምረው?» የሚል ጥያቄ ይመጣል። ተገቢ ጥያቄ ነው፤ እኔም የወለጋ ልጅ ነኝና አልሸሸውም። ከ2011 ዓ.ም. ወዲህ በጦርነቱ የተዘጋውን ትምህርት ቤትና የተሰደደውን መምህር በዓይኔ አይቻለሁ። አስተማሪ የምር ያስፈልገናል። ግን በግድ የተላከ መምህር ምን ያስተምራል? ስንት ዓመት ሙሉ ነጥብ ያነሰውን «ወደ መምህርነት» እያልን ላክን። በ2003 ዓ.ም. ደግሞ የድህረ ምረቃ የማስተማር ዲፕሎማ ብለን በሌላ ሙያ የተመረቀውን አስገባን፤ ስንቱ ወጣት ሌላ ሥራ ስላጣ ብቻ ገባበት! መምህርነትን የቅጣት ቦታ ያደረግነው እኛው ነን። ልጁ ሲሸሽ «አገር ጠል» እንለዋለን። መምህር ከፈለጋችሁ ደመወዙን ጨምሩለት፣ ቤት ስጡት፣ መንገዱን ሰላም አድርጉለት። ያኔ የሚፈርም ሞልቷል። እኔ ባየሁት ውል ላይ ሠልጣኙ ቢጠፋ፣ ቢያቋርጥ፣ ቢያምፅ የሚቀጣው ቅጣት በዝርዝር ተጽፏል፤ ተኩስ ሲከፈት መምህሩን ማን እንደሚያወጣው ግን አንድ መስመር የለም።

እስከዚያው ቢያንስ ይህን አድርጉ፦ ዕዳውን በብር ልክፈል የሚለውን ክፈል በሉት፣ ሲከፍልም ማስረጃውን ስጡት። መሥሪያ ቤቱ በተባለው ጊዜ ካልቀጠረው ደግሞ ግዴታው ይቅር። ተማሪውም ከመፈረሙ በፊት ውሉን ቤቱ ወስዶ ከቤተሰቡ ጋር ያንብበው፤ ወረፋው ይቁም!

አጎቴ ትናንት ማታ እንደገና ደውለው ነበር። ድምፃቸው በርዷል። «በግል ቢማር ዓመቱ ስንት ያስከፍላል?» ብለው ጠየቁኝ። ነገርኳቸው። ዝም አሉ፣ ከዚያም «ዘንድሮ ቡናው ዋጋ ካወጣ እናያለን፤ እስከዚያ ግን ወረቀቱን እንዳትቀድደው» አሉኝ።

አልቀደድኩትም። ጠረጴዛዬ ላይ ነው። የዋስ ስም በሚለው ቦታ አጎቴ ስማቸውን አስቀድመው በሰማያዊ እስክሪብቶ ጽፈውበታል፤ የሠልጣኙ ፊርማ የሚለው መስመር ባዶ ነው።